ሁለት ደጅ ያደረ በሬ

ሰኔ 4፣ ከሰዓት

መብራት ሄደ፣ ኮምፒውተሩም አብሮ። የጥናታችንን ረቂቅ ዲስኬት ላይ ገልብጬዋለሁ፣ ተመስገን። የሰቆጣ አቧራ የማይገባበት የለም፤ አንተም ውስጥ ገብቷል ማስታወሻዬ፣ ገጽህን በገለጥኩ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ቡድን መሪያችን አቶ ደረጀ ረቂቁን ወደደው። በተለይ የኔን ክፍል፦ የጋዝጊብላ ወረዳ ገበሬ ጥማድ በሬ አለው፣ ራሱን ይችላል፣ የርዳታው ስንዴ ከሐምሌ ጀምሮ ይቀነስ። ድፍረት አለሽ አለኝ። ነፃ የኢኮኖሚ አማካሪ መ/ቤት ማለት መንግሥትም ለጋሽም የማይወደውን የሚናገር ነው አለ። ደስ አለኝ። ምን እዋሻለሁ፣ ሲበዛ ደስ አለኝ። ለዞኑ የምናቀርብበት ስብሰባ ሰኔ 9 ነው። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ሻወር፣ የራሴ አልጋ።

ሰኔ 6፣ የገበያ ቀን

ሎሚ ልገዛ ወጥቼ ወ/ሮ ዝማምን አገኘሁ። ጋዝጊብላ ለጥናት ስንዞር ቤታቸው የተቀበሉን፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው እናት። ንፍሯቸውን በልቻለሁ። አገላብጠው ሳሙኝ። ምን እግር ጣለዎት ብል፣ ጎረቤታቸው አያ ብርሃኑ ቸግሯቸው በሬያቸውን ሸጠዋል፤ የእሳቸው አንድ በሬ ብቻውን ቀርቶ፣ በሬውን ከሳቸው ጋር የሚያቀናጅ ዘመድ ፍለጋ ነው የመጡት። እርስዎ ሁለት አልነበረዎትም እንዴ አልኩ። በዓይኔ አይቻለሁ፣ ጥቁሩንና ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን ቦራውን። ሳቁ። አብራቸው ላለችው ሴት በኽምጥኛ አንድ ነገር አሏት፣ እሷም ሳቀች።

«ቦራው የአያ ብርሃኑ ነበር ልጄ፣ የኔ ጥቁሩ ነው። መቀናጆ ነን፣ አንድ አንድ በሬያችንን አጣምደን በተራ እናርሳለን። በሬዎቹ ማታ ማታ፣ ነገ የሚታረስለት ሰው ደጅ ያድራሉ። እናንተ የመጣችሁት በኔ ተራ ነዋ!»

ሎሚውን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ያው ቀን፣ 11 ሰዓት

እስቲ ላስብ። መንገድ መሪያችን የሚወስደን ሰው ያለበት ቤት ነበር። በእርሻ ወቅት ሰው የሚገኘው ደግሞ የሚታረስለት ቤት ነው፤ ለአራሾቹ ምግብ ይሠራል። ስለዚህ በገባንበት ሁሉ ጥማድ በሬ። በማግስቱ እኛ ወደ ጎረቤት፣ በሬዎቹም ወደ ጎረቤት። እነዚያኑ በሬዎች ስንከተል ነው የከረምነው! ስንት በሬ አላችሁ ብለን እንኳ አልጠየቅንም። ርዳታ እንዳይቀርበት ሰው ይደብቃል፣ በዓይን ይቆጠር ተባለ። ማን አለ? እኔ።

የተማረ ይግደለኝ ይላል ያገሬ ሰው። ይኸው።

የባሰውን ላንተ ብቻ። ያን ቦራ አያ ብርሃኑ ደጅም አይቼዋለሁ። የዚህ አገር በሬ ሁሉ ቦራ ነው እንዴ ብዬ ቀልጄ ቆጠርኩት። ደክሞኝ ነበር፣ ቶሎ ወደ መኪናው መመለስ ፈልጌ ነበር።

ሰኔ 7

ለአ/ደረጀ ነገርኩት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሴትዮዋ አሳዝነውሽ ነው አለ። ሪፖርቱ ዞን ገብቷል፣ አሁን ብንመልሰው ነገ ማን ያምነናል፣ በሚቀጥለው ጥናት እናርመዋለን። እስከዚያ ግን ሐምሌና ነሐሴ አሉ። ሰው ምን ይበላል? ምሳ ሽሮ አዘዝን። ሳልበላ ተነሳሁ። አፍሬያለሁ። በጣም አፍሬያለሁ።

ሰኔ 8

ሰበብ ስፈልግ ዋልኩ። የዞኑ ሰዎች ያገሩ ልጆች ናቸው፣ መቀናጆ አይጠፋቸውም፣ ራሳቸው ያርሙታል አልኩ። የዞኑ ግብርና መምሪያ ሄጄ አንዱን ባለሙያ ጠየቅሁ። አንብቦታል፣ ገርሞታል። ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ከአዲስ አበባ የመጣ ነፃ ጥናት ስለሆነ እኛ ያላየነውን አይታችሁ ይሆናል ብዬ ነው አለ።

ሰበቤ አለቀ።

ሰኔ 9፣ ጠዋት

ልብሴን ሸክፌያለሁ። በመ/ቤቱ መኪና የምመለስ አይመስለኝም፤ የወልድያ አውቶቡስ ነገ ንጋት ላይ አለ። ለእናቴ ምን እላታለሁ? የታናሼ ትምህርት በኔ ደሞዝ ነው። እንጃ። ፈርቻለሁ።

የጋዝጊብላን ክፍል የማቀርበው እኔ ነኝ። መጀመሪያ የምለውን ተለማመድኩ። እንዲህ ነው፦ አንዱን በሬ ሁለት ቤት ቆጥረነዋል። በዓይን ይቆጠር ያልኩት እኔ ነኝ። ስንዴው እንዳይቀነስ

አ/ደረጀ ደጅ ላይ የመኪናውን ጡሩምባ እየነፋ ነው።