ቅጹ ሳይዘጋ

ማንጁላ፣

ምስሩ ድስት ውስጥ አለ፤ አሙቂው። የውሃ ሞተሩን ማጥፋት አትርሺ፤ አከራያችን እትዬ ሱርጂት ሰሞኑን እሳት ጎርሰዋል።

የሲቪል ሰርቪስ ፈተናው ማመልከቻ ዛሬ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ይዘጋል። መርጠሽ የምትፈተኚበት የትምህርት ዓይነት የሚሞላበትን ቦታ አሁንም ባዶ ትተሽዋል። ከተዘጋ በኋላ መቀየር የለም።

ባለፈው ዓመት አንደኛ የወጣው ልጅ ሶሺዮሎጂ ስለመረጠ የዴልሂ ተፈታኝ በሙሉ ሶሺዮሎጂ ሆኗል። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰውዬ እንኳ «እህቴ፣ እሱን ያዢ፣ አጭር ነው» አለሽ፤ አመንሽው። እሱ የሚያውቀው የገጹን ብዛት ነው!

አንቺ በዕፅዋት ሳይንስ ሜዳሊያ ያጠለቅሽ ሰው ነሽ። አትክልት ተራ ቆመሽ «ባሚያ የጥጥ ዘመድ ናት» እያልሽ ሻጩን ታደርቂዋለሽ። ሶሺዮሎጂ ስታነቢ ግን ከገጹ ይልቅ የምትገልጪው አፍሽን ነው፤ ስታዛጊ።

ትናንት መንጋ ተከታይ በግ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ቃሉ በዝቷል። ሐሳቡ አልበዛም።

እናቴ በቅመምና በዘይት ዘፍዝፋ የላከችው የማንጎ አቻር ከአልጋዬ ሥር ነው። አዎ፣ ደብቄው ነበር። ከምስሩ ጋር ጨርሺው።

እኔ ምን እንደመረጥኩ ለመጠየቅ አትደውዪ። ስልኬን እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አጥፍቼዋለሁ፤ ከነገርኩሽ ትገለብጪዋለሽ።

ኢፕሲታ