ታጥቦ የቀረበው ሆድ

ይድረስ ለምወድሽ እታለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ፣ አማትሽ፣ መንትዮቹ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ ከንዴት በቀር ጤነኛ ነኝ፤ ንዴቱንም የሰጡኝ አባባ ናቸው።

ለማንም ያልነገርኩትን ላንቺ ልንገርሽ። ባለፈው ሰኞ የአባባን ሰገራ በምሳ ዕቃ ቦርሳ ይዤ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ስሄድ፣ አንዲት የተቀመጡ እናት «ልያዝልሽ ልጄ» ብለው ከእጄ ነጥቀው ጭናቸው ላይ አደላደሉት። «ኧረ ይቅርብዎ» ብል ማን ሰምቶኝ! ስወርድም «ሳይቀዘቅዝ ብይው» ብለው አቀበሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባባ ግፊት አልወርድ ቢል የደም ግፊት ጥናት ውስጥ አስገባኋቸው። አጥኚዋ ረጋ ብላ አስረዳችን፤ አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ሆዳችን መፍጨት ያቃተውን ምግብ ይፈጩታል፣ ከዚያ የሚወጣው ንጥረ ነገር ደም ውስጥ ገብቶ የደም ስርን ሊያላላም ሊያጠብብም ይችላል አለች። «ገና እያጠናን ነው፤ ክኒንዎን እንዳያቋርጡ» ብላም አስጠነቀቀች፤ ለጥናቱም የሰገራ ናሙና እንድናመጣ አዘዘችን። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። የእሳቸውን ራስ መነቅነቅ መቼም ታውቂዋለሽ።

ለካስ ናሙናውን በሚሰጡበት ዋዜማ የጉሎ ዘይት ጠጥተው ሆዳቸውን አጥበዋል! እኔ የሰማሁት አጥኚዋ ደውላ «ይሄ ናሙና አይሆንም፤ ምን ወስደው ነው?» ስትለኝ ነው። ብጠይቃቸው፣ «እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል። የሰው ልጅ ፊት ቆሻሻ ላቀርብ ኖሯል?» አሉኝ። «አባባ፣ የፈለገችው እኮ ቆሻሻውን ነው!» ብል፣ «አንቺ ድሮም ይሉኝታ አልፈጠረብሽም» ብለው ዞሩብኝ። ይባስ ብለው፣ ጣጣው የሆድ ከሆነ ሆዴ ታጥቧል ብለው ክኒኑን እርግፍ አድርገው ትተውታል። ግፊታቸውን ብለካው ጭራሽ ብሶ አገኘሁት።

ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ፤ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ «ለእታለም እነግራታለሁ» ስላቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። «ኧረ ለእሷስ እንዳትነግሪያት! እውጣለሁ» አሉ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል፤ ጓዳ ለጓዳ የምከተላቸውን እኔን ንቀው ባሕር ማዶ ያለሽውን አንቺን ፈሩ። ይኸው በየማለዳው ዓይኔ እያየ ይውጣሉ። እንግዲህ እኔ ምንም አልነገርኩሽም። ስትደውይ፣ እሳቸው ክኒናቸውን እንዲውጡልኝ አንቺም ሳቅሽን ዋጪልኝ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ የአማትሽን ጉልበት፣ የመንትዮቹን ጉንጭ ሳሚልኝ። አጥኚዋ በወሩ መጨረሻ ሌላ ናሙና አምጡ ብላለች። በእግሬ ነው የማደርሰው፤ አባባ ጉሎ ቀምሰው እንደሆነና እንዳልሆነ በማግስቱ እጽፍልሻለሁ።

ታናሽሽ

ከአባባ ቤት፣ ሐምሌ 9 ቀን