ላብ ነው ያልከኝ ውሃ

ታዴ፣

ከተለየኸኝ አንድ ክረምት አልፎ ሁለተኛው ገብቷል። መቱ እንደምታውቃት ናት፤ ዝናቡ ቆመ ሲሉት ይጀምራል። እስካሁን ያልጻፍኩልህ እንባ እየቀደመኝ ነበር፤ ዛሬ የቀደመኝ ንዴት ነው። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እያልኩ ብዙ ታገልኩት፣ አልሆነልኝም።

ቤቱን ልንገርህ። የፊት ለፊቱን በረንዳ በበጋው አስፈነቀልኩት። አዎ፣ ማንም እንዳይነካው ያልከውን፣ በገዛ እጅህ ሴራሚክ የደረደርክበትን። ከስሩ ያለው ምድር ቤት፣ የስፌት ክፍሌ፣ አላሠራ አለኝ። ጠብታው ከጣሪያው መሀል ተነሥቶ እስከ ማሽኔ ድረስ መጣ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ደግሞ ከማሽኑ ሌላ መተዳደሪያ የለኝም። ስለዚህ አብሮህ ያረጀውን የሥራ ጓደኛህን፣ ጋሼ ገመቹን ጠራሁት።

ጠብታውን ምን ትለው ነበር? ላብ። አርማታ ከመሬት በታች ሲሆን ያልበዋል፣ የሰው ትንፋሽና የካውያ እንፋሎት ነው፣ መስኮቱን ክፈቺ ትለኝ ነበር። ከጎሬ እስከ ቡሬ ሶሌታ፣ የአርማታ ጣሪያ፣ የሞላህ ሰው ነህ፤ የታደሰ ሶሌታ ውሃ አያውቅም ተብሎ የሚማልብህ። እኔ ማን ነኝና ልጠራጠርህ? መስኮቱን ከፈትኩ። ወንበር ላይ እየወጣሁ ጣሪያውን በጨርቅ ጠረግኩ። ደንበኛ ሲጠይቀኝም ያንተኑ ቃል መለስኩ።

ጋሼ ገመቹ ሴራሚኩን ሲያነሣ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ከሴራሚኩ ስር ስስ ሲሚንቶ፣ ከዚያ ስር ባዶ አርማታ። ሬንጅ የሚባል ነገር የለም። ውሃውን ወደ ቱቦው የሚወስድ ተዳፋት እንኳ የለውም፤ መሀሉ እንደ ሳህን ጎድጉዷል። ታዲያ ከጅማ ያመጣነው የውሃ መከላከያ ጥቅል የት ገባ? አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አስረነው፣ መንገዱን ሙሉ ወደቀ አልወደቀ እያልን የተሳቀቅንበት? እኔ እጠይቃለሁ፣ ጋሼ ገመቹ ፍርስራሹን ይጠርጋል። በመጨረሻ፣ ‹‹እኔ ነግሬው ነበር ብርቄ፤ በኦሮምኛ ዲሲ፣ ተወው አለኝ›› አለ።

ከዚያ ነገረኝ፤ ጥቅሉ የእናትህ፣ የእማማ መቃብር ላይ ነው።

ለምን እንደሆነ አልጠፋኝም። አባትህ በነሐሴ ሲቀበሩ ጉድጓዱ ውሃ እየሞላ ሰዉ በባልዲ ሲቀዳ አይቻለሁ። ያን ቀን እጅህን ይዤህ ነበር። እናትህ በረንዳው ገና ሳያልቅ ሲያርፉ፣ ያ እንዳይደገም መቃብሩን ገንብተህ በጥቅሉ ሸፈንከው። ክፉ ሠራህ አልልም። ብትነግረኝ ኖሮ እኔው ተሸክሜ አደርስልህ ነበር፤ እማማ እኔንም እንደ ልጃቸው ነው የያዙኝ። ሌላ ጥቅል እስኪገኝ በረንዳው ይቆይ እል ነበር። አንተ ግን ምንም እንዳልጎደለ ሴራሚኩን ደረደርክበት። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይሉ የለ፤ የእኔም ጣሪያ እንደዚያ ሆኖልህ ነበር።

ይህንንም ይቅር እልህ ነበር። የደንበኛዬን የእትዬ አስቴርን ቀን ግን አልቻልኩም። የልጃቸውን የመልስ ቀሚስ ሰፍቼ ሰቅዬዋለሁ። ሊወስዱ ሲመጡ ነጩ ደረት ላይ ቡናማ ጠብታ። እሳቸው ቀሚሱን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። አንተ ደረጃው ላይ ነበርክ። ቀና ብለህ ጣሪያውን ስታይ አይቼሃለሁ። ከዚያ ፈገግ ብለህ፣ ብርቄ ስትተኩስ ውሃ ማርከፍከፍ ታበዛለች፣ የካውያው ዝገት ይሆናል አልካቸው። እኔም ራሴን ጠረጠርኩና ይቅርታ ለመንኩ። ከዚያ ወዲህ እሳቸውም፣ እሳቸውን የሚሰሙም ሙሽራ ይዘው ደጄን አልረገጡም፤ ሥራዬ ዚፕ መቀየርና የተማሪ ዩኒፎርም ሆኖ ቀረ። አንተ አይዞሽ ስትለኝ፣ እንዴት ያለ ደግ ሰው ሰጠኝ ብዬ አምላኬን አመሰግን ነበር።

ደግም ነበርክ፣ የሚያናድደኝ እሱ ነው። ሶር ፏፏቴ የወሰድከኝ ዕለት ጃኬትህን ለእኔ አልብሰህ፣ በሸሚዝ በስብሰህ ጉንፋን የያዘህን ሰውዬ የት ላድርገው? ከሁለታችሁ የቱን ነው ያገባሁት?

ጋሼ ገመቹ ተዳፋቱን አስተካከለ፣ ሬንጁን ቀባ፣ አዲሱን ጥቅል በእሳት እያሞቀ አነጠፈ፣ ጠርዙንም ግድግዳው ላይ አወጣው። ሴራሚኩን ከመመለሱ በፊት ቱቦውን ደፍኖ በረንዳውን ውሃ ሞላው፤ እኔ ምድር ቤት ወርጄ አንጋጥጬ ዋልኩ። አንድም ጠብታ የለም። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፣ አለቀስኩ። መፍትሔው ይህን ያህል ብቻ ነበር ለካ።

ሲጨርስ ለመነኝ። ለሰው አታውሪው፣ አገር ሁሉ ጣሪያውን እያየ ይጨነቃል፣ የሞተ ሰው መልስ አይሰጥም አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔም ዝም ብዬ ከረምኩ። ዝናቡ ሲመለስና ጣሪያዬ ደረቅ ሲሆን ግን አላስቻለኝም። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እትዬ አስቴር ቤት ገባሁ። ቀሚሱን ያበላሸው ጣሪያው ነበር፣ ታደሰም ያውቅ ነበር አልኳቸው። እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። ከዚያ፣ ‹‹አንቺ ይቅርታ ስትለምኚኝ እሱ እዚያው ቆሞ ነበር እኮ›› አሉኝ። አዎ፣ ቆመህ ነበር።

አልረሳህም፣ ታዴ። እስካለሁ ድረስ የክርስትና ስምህን በየዓመቱ አስጠራለሁ፣ ጧፍህንም አበራለሁ። ሰው ስላንተ ሲያነሣ ደግነትህን እመሰክራለሁ። ስለ ቀሚሱ የጠየቀኝ እንደሆነ ግን እውነቱን እነግረዋለሁ። ያንተን ስም ለማዳን የራሴን ሁለተኛ አልሰጥም።

ብርቄ