ሽማግሌ የተላከበት አሰልጣኝ

እሑድ

ተሸነፍን። ደግሞ በሜዳችን። ደግሞ በራሳችን ልጅ ግንባር! የግራ ተከላካያችን የማዕዘን ምት አወጣለሁ ብሎ ዘለለ፤ እንደዚያ ያለ ቆንጆ ጎል ዘንድሮ አግብተን አናውቅም። ምነው በወዲያኛው በኩል ባደረገው።

አሁን የቀረን አንድ ጨዋታ ነው። የሚቀጥለው እሑድ ካሸነፍን ሊጉ ውስጥ እንቆያለን። ካላሸነፍን እንወርዳለን። ከወረድን በጀት የለም ተብሏል፤ በጀት ከሌለ ክለቡ ይፈርሳል። የደጋፊ ማኅበሩ ጸሐፊ ስለሆንኩ ይህን በወሬ ሳይሆን ከከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

ከጨዋታው በኋላ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ሜዳው ዳር ያለው ማንጎ ሥር ቆመን ተጨቃጨቅን። ባጃጅ ነጂው ነጂብ፣ የጭብጨባችን መሪ፣ ድምፁ ስለተዘጋ በሹክሹክታ ነበር የሚሳደበው። "ደረጀ ካልሄደ እኔ ሜዳ አልገባም!" አለ። አሰልጣኙን ነው። እኔም ውስጤ እንደሱ ይል ነበር፤ ጸሐፊ ስለሆንኩ ብቻ "ተረጋጉ" አልኩ።

ሰኞ

ቢሮ ገብቼ አንድ መሬት አልለካሁም። ጉዳይ የነበረው ሰው ሁሉ ስለ ቡድኑ አውርቶ ወጣ።

ያለን፦ አንድ መለያ። ነጭ ነበር፤ አሁን የአሶሳን አፈር መስሏል። በዚህ ዝናብ ታጥቦ አይደርቅም፣ ልጆቹ እርጥቡን ይለብሱታል። ደህና ኳስ፣ ሁለት። ጎበዝ በረኛ።

የሌለን፦ አውቶቡስ። ወጌሻ። አጥቂ። አጥቂያችን ወደ መንጌ ወረዳ ወርቅ ሊያጥብ ሄዷል። "ትንሽ ካገኘሁ እመለሳለሁ" ብሎ ነበር፤ አግኝቶ ይሁን አጥቶ አልተመለሰም። የመሐል ተከላካያችን ደግሞ ግድቡ ላይ ሥራ አገኘ። አገር መብራት አገኘች፣ የእኛ መሐል ተከፈተ።

ታዲያ ደረጀ ምን ያድርግ? ይላሉ ግማሾቹ። ያሉትንስ መቼ በቦታቸው አሰለፋቸው? ይላሉ ሌሎቹ። የክንፍ ተጫዋቹን ተከላካይ ያደርገዋል፣ ተከላካዩን አጥቂ ያደርገዋል፣ ተቀያሪ የሚያስገባው ዳኛው ሰዓቱን ማየት ሲጀምር ነው። ሁለቱም ወገን እውነቱን ነው። የሚያናድደኝም እሱ ነው፤ አንዱ ቢዋሽ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ማክሰኞ

ጭማቂ ቤቱ ውስጥ ስብሰባ። ነጂብ ባጃጆቹን ሰብስቦ አሰልጣኙ በር ላይ ጥሩምባ ሊያስነፋ ነው። ሰዉ ጨበጨበለት። እኔ ፈራሁ። ሰውየው ከጅማ ብቻውን የመጣ ነው፤ እኔም ከደብረ ታቦር ተመድቤ ስመጣ ብቻዬን ነበርኩ። ያን ጊዜ በዚህ ከተማ ስሜን የሚያውቅ አልነበረም። መጀመሪያ "ና እዚህ ጋ ቁም" ያለኝ ሰው ሜዳው ላይ ነው ያለኝ። ክለቡ ከፈረሰ እሑድ የት እንደምሄድ አላውቅም፣ እውነቱን ለመናገር።

እና ተነሥቼ፣ "እንዲህ አይደረግም። ሽማግሌ እንላክበትና በክብር ይልቀቅ። ምክትሉ ለአንድ ጨዋታ ይበቃል" አልኩ።

ሁሉም ወደደው። ነጂብ እንኳ። ሼህ ሐሚድ እና ጋሽ ይማም ተመረጡ። ሼህ ሐሚድ የአገሩ ተወላጅ፣ እዚሁ አጠገባችን የሆሞሻ ሰው ናቸው፤ ገበያ ውስጥ የእሳቸውን ቃል የሚያልፍ የለም። ጋሽ ይማም ከወሎ መጥተው በሰፈራ መንደር ያረጁ፣ የሰው ትዳር ሲያስታርቁ የኖሩ ናቸው። መንገድ የማሳየው እኔ ሆንኩ። ሐሳቤ ተቀባይነት አግኝቶ ስለማያውቅ ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት።

ረቡዕ

ምን ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም።

ከሥራ መልስ ሄድን። ዝናብ። ደረጀ በሩን ከፈተ፤ ሻንጣው አልጋው ላይ ታስሮ ተቀምጧል። ሽማግሌዎቹን ሲያይ ዓይኑ እንባ ሞላ።

"አባቶቼ፣ ለምን እንደመጣችሁ አውቃለሁ" አለ። "እንዳትለምኑኝ። ነገ ጠዋት ልሄድ ነው። ሕዝቡን አሳዘንኩት፤ ከዚህ በኋላ ፊቱን ማየት አልችልም።"

አለቀ! እዚህ ላይ "መልካም መንገድ፣ እግዜር ይስጥልን" ብለን ብንወጣ አለቀ። ሰውየው በራሱ እየሄደ ነው።

ጋሽ ይማም ግን ሻንጣ ካዩ የተጣላ ባልና ሚስት ነው የሚታያቸው። "ኧረ አብሽር!" አሉ። "የምን መሄድ ነው እኛ ቆመን? ማን አስቀየመህ? ንገረን እስቲ!"

ሼህ ሐሚድም ተከተሉ። "ወላሂ ልጄ፣ አንተ ከሄድክ ቡድኑ አባት የላትም። የቲም ትሆናለች። የቲም ደግሞ ሐራም ነው መተው።"

እኔ ሳልኩ። ጋሽ ይማም ዞር ብለው "ውሃ ስጡት" አሉ። ደግሜ ሳልኩ፤ ውሃው መጣ። ጠጣሁ። ሌላ ምን ላድርግ? ሽማግሌ እየተናገረ "አባቶቼ፣ እኛ የመጣነው ልናስወጣው ነው" ይባላል? ያውም እሱ ፊት?

እሱ እምቢ ባለ ቁጥር እነሱ ጋሉ። ሽማግሌ እምቢታ ሰምቶ የሚመለስበት አገር የለም። በመጨረሻ ሁለቱም ተነሥተው ዝናቡ ላይ ወጡና "እሺ ካላልከን ከደጅህ አንሄድም" ብለው ቆሙ። ጋሽ ይማም ጋቢያቸው እየረጠበ። ደረጀ እያለቀሰ እጃቸውን ሳመና "እሺ፣ አልሄድም" አለ። ሼህ ሐሚድም በደጋፊው ስም ቃል ሰጡት፤ ከእንግዲህ ማንም አይሰድብህም አሉት። ከዚያ ተመረቀ።

አሜን አልኩ። እኔም።

ሐሙስ

ነጂብ ባጃጁን መንገድ መሐል አቁሞ፣ "ሚስት አፋታ ብለን ልከንህ ድጋሚ ድረህ መጣህ!" አለኝ። ድምፁ ተመልሶለታል፤ የአሶሳ ሰው ሁሉ ሰማ። ተሳፋሪዋ ሴትዮ ሳትቀር በነገሩ አዘነችብኝ።

ሽማግሌዎቹን እንዴት እንደምወቅሳቸው አላውቅም። የተላኩበትን ረስተው አይደለም። ጋሽ ይማምን መንገድ ላይ "ጋሽዬ፣ የተባባልነው ሌላ አልነበረም?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "ነበር እንጂ" አሉኝ ሳያፍሩ። "ግን ሰው ሲያለቅስ እያየህ ሂድ ትለዋለህ? በሞቴ አንተ ትለዋለህ?"

አልልም። ችግሩ ያ ነው።

ጉዳዩን መልሶ ማንሳት የሽማግሌ ቃል ማጠፍ ነው፤ ያን የሚደፍር ከመካከላችን አልተገኘም። ከድጡ ወደ ማጡ በሚባለው ላይ ቆመናል፣ በፈቃዳችን።

ቅዳሜ

ሼህ ሐሚድ ገበያውን እየዞሩ "ነገ አሰልጣኙን የሚሰድብ እኔን ይሰድባል" ሲሉ ዋሉ። ወደ መንጌ ስልክ ደወልኩ። አጥቂያችን አላነሳም። ሌላ የሠራሁት ነገር የለም። ዝናቡ አላቆመም።

እሑድ

አንድ ለአንድ። ወረድን።

በሕይወቴ እንደዚህ ዝም ያለ ሜዳ አላየሁም። እንግዶቹ ሲያገቡብን እንኳ ዝም። ደረጀ ክንፉን ተከላካይ ሲያደርገው ነጂብ የአንገት ልብሱን አፉ ውስጥ ከተተ። ሼህ ሐሚድ ከፊት ቆመው በየተራ ፊታችንን ያዩ ነበር።

ከእረፍት በኋላ አገባን። ያ ተከላካይ የተደረገው ክንፍ ነው ከኋላ ተነሥቶ ሄዶ ያገባው፤ ስለዚህ ደረጀ ልክ ነበር ማለት ነው? ወይስ ከመጀመሪያው ፊት ቢያሰልፈው ሦስት ያገባ ነበር? ሰዉ ይህን ለመከራከር እንኳ አልቻለም፤ ተቃቅፎ ይዘላል።

ከዚያ ማብቂያው አካባቢ ያቺ ኳስ መጣች። በረኛቸው ወጥቶ ነበር። ልጃችን አለፈው፤ ጎሉ ባዶ ነው። መታት። እየሄደች፣ እየሄደች፣ መስመሩ ጋ ስትደርስ ያቆረው ውሃ ውስጥ ገብታ ቆመች። ቁጭ አለች። ተከላካያቸው ደርሶ አወጣት። እጄን ጭንቅላቴ ላይ እንደጫንኩ ዳኛው ነፋ።

በማን ልፈርድ? በዝናቡ? ሜዳውን ባላስደለደለው? እንደ ልጅ አለቀስኩ። አላፍርም።

ደረጀ ወደ እኛ መጣ። ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። "ሽማግሌ ልካችሁ ባታስቀሩኝ ኖሮ ይህን ቀን ከሩቅ ነበር የምሰማው" አለ። "አሁን ከእናንተ ጋር ወረድኩ። ከእናንተ ጋር ካልወጣሁ የትም አልሄድም።"

ተጨበጨበለት። መጀመሪያ ያጨበጨበው ነጂብ ነው። ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት፤ "እኔ እንጃ፣ እጄ ነው" አለኝ።

ሰኞ

ጠዋት ቢሮዬ ሳልቀመጥ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ተጠራሁ። ነገሩ አጭር ነው፦ ክለቡ አበቃ። ኳሶቹና መለያው ይመለሱ። "ለአሰልጣኙ አንተ ንገረው፤ አንተን ያምንሃል" አሉኝ። ያምነኛል። የሽማግሌዎቹ መንገድ መሪ ነኛ።

ከሥራ በኋላ ሄድኩ። ቤቱ የለም። ሜዳው ላይ አገኘሁት። ከልጆቹ ጥቂቶቹ መጥተዋል፤ በረኛው አለ፣ የግንባር ጎል ያገባብንም አለ። ደረጀ ጎሉ ጋ ያቆረውን ውሃ በአካፋ እየቀደደ መውረጃ ያወጣለታል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሏል።

በምን አፌ? ዝናብ ላይ ሽማግሌ አቁሜ ያስቀረሁትን ሰው፣ አሁን "ተመለስ፣ የቀረህበት ነገር የለም" ልበለው? ይኼ ሰው ረቡዕ ቢሄድ ኖሮ ዛሬ ጅማ ቤቱ ነበር።

"ኮች፣ አንድ ጉዳይ..." አልኩ።

"ጸሐፊ! ጥሩ ጊዜ መጣህ" አለና አካፋውን አቀበለኝ። "በዚያ በኩል ያዝ። ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ልምምድ አለን፤ ለቀሩት ልጆች ንገርልኝ።"

እሺ አልኩት።