ቄሱ ያደረገው ጫማ

ኦካሌንጋ፣ ሰሜን ናሚቢያ
ማርች 12 ቀን 1996

ይድረስ ለታውኖ አባት፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ አልጨከነብንም፤ የማሃንጉው ሰብል ከአጥሩ በላይ ሆኗል። እናትህም ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ምላሳቸው ደህና ነው። ያንተን ደህና መሆን የዓሣ መኪና ከሚነዳው ልጅ ሰምቻለሁ። ወፍሯል ብሎኛል። ማን እያበሰለልህ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

እንግዲህ ልጅህ ባለፈው እሑድ ቄስ ሆነ። መጥሪያው አልደረሰኝም እንዳትል፤ ሹፌሩ በእጅህ እንደሰጠህ፣ አንብበህ ኪስህ እንደከተትከው፣ ከዚያም ስለ ነፋሱ ማውራት እንደጀመርክ ነግሮኛል።

ለምን እንደቀረህ እኔም አውቃለሁ፣ አገሩም ያውቃል። ጓሮ አረቄ ስታወጣ ተገኝተህ ከቁርባን ታግደህ፣ የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጥ በተባልክ ጊዜ በሉተራን ቤተ ክርስቲያናችን ደጃፍ ቆመህ ያልከውን ማን ይረሳዋል? «በሕዝብ ፊት ቆሜ ይቅርታ የምጠይቀው፣ በገዛ እጄ ቂጡን ያጠብኩት ቄስ ሲመጣ ብቻ ነው» ብለህ ባርኔጣህን ደፍተህ ወጣህ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንተ ግን ዋልቪስ ቤይ ዓሣ ፋብሪካ ገብተህ እዚያው ቀረህ። ታውኖ ያኔ ድምፁ እንኳ አልጎረነነም ነበር።

እርግጥ ፍርዱ ትንሽ ያጋደለ ነበር። የከሰሱህ ሽማግሌ ታቴ ኤራስቱስ ነገሩ አረቄ መሆኑን ያረጋገጡት እየደጋገሙ በመቅመስ ነው። ደግፈህ ቤታቸው ያደረስካቸውም አንተው ነህ።

አሁን ስለ ጫማው ልንገርህ። ታውኖ ለበዓሉ ሲመጣ ሜዳው ሁሉ ውኃ ሞልቶት ነበርና ጫማውን በእጁ ይዞ ተሻገረ። መሐል ላይ አንዱ አመለጠውና ውኃ ወሰደው። የቀረውን አንድ እግር ይዞ በር ላይ ቆሞ፣ «ሜሜ፣ ነገ በባዶ እግሬ ልሾም ነው?» አለኝ። እኔም ከሣጥኑ ያንተን ጥቁር ጫማ አወጣሁለት። ልክክ አለለት። ያበራል። ለምን በየወሩ እቀባው እንደነበር አትጠይቀኝ፤ ቆዳ ካልተቀባ ይሰነጠቃል።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞላ። ሴቶቹ ባለ መስመር ሮዝ ቀሚሳቸውን ለብሰው የበሬ ጭራ እያወዛወዙ እልልታውን አቀለጡት። ልጅህ ጥቁር ካባውን ለብሶ ሲገባ ቁመቱ አንተን፣ አረማመዱም አንተን ይመስላል። ጳጳሱና ቄሶቹ እጃቸውን ሊጭኑበት ከበውት ተንበረከከ። ያኔ ነው የጫማው ሶል ወደ ሕዝቡ የዞረው።

ከመኪና ጎማ ቆርጠህ በቀይ ክር የሰፋኸውን ሶል እዚህ አገር የማያውቀው የለም፤ የግማሹን ምእመን ጫማ የጠገንከው አንተ ነህና። ሹክሹክታው ከሴቶቹ ጀምሮ እስከ መዘምራኑ ደረሰ። ታቴ ኤራስቱስ ወደ ጎረቤታቸው ጎንበስ ብለው፣ «ፊልሞን እግሩን ልኮ ራሱ ቀረ» አሉ። ጆሯቸው ስለደከመ የሳቸው ሹክሹክታ ለጳጳሱም ይሰማል።

በዚያ ላይ ቄሶቹ እጃቸውን በልጁ ራስ ላይ ሲከምሩ እናትህ ብድግ ብለው፣ «ቀስ በሉ እንጂ፣ ከአህያ ወድቆ የተመታው በዚያ በኩል ነው» አሉ። ጳጳሱ ጸሎታቸውን ሳያቋርጡ እጃቸውን ወደ ሌላው ጎን አዛወሩ። ሰው ሳቁን አፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔ ግን ያን ሶል እያየሁ አለቀስኩ። ስለ ቅስናው ነው ብያቸዋለሁ።

ለግብዣው ቀዩን በሬህን አረድን። ሥጋው ሲከፋፈል ታቴ ኤራስቱስ ቀረብ ብለው፣ «አባወራው ከሌለ ድርሻው የሽማግሌ ነው» አሉኝ።

«አባወራው አልሞተም፣ ሥራ ላይ ነው» አልኳቸው።

«ረጅም ሥራ ነው እባክሽ።»

ቢላዬን አነሣሁ። ድርሻህን ዘልዝዬ ቋንጣ አድርጌ ሰቀልኩት።

እናትህ ያን ቀን ልጁን አንቱ እያሉ ነው የዋሉት። «ቄስ ሆይ፣ እዚህ ይቀመጡ። ቄስ ሆይ፣ ይብሉ እንጂ።» በኋላ የፍየሎቹን በረት ሳይዘጋ ወጥቶ ፍየሎቹ ማሃንጉው ውስጥ ሲገቡ፣ «አንተ ዝርክርክ፣ እጅ የተጫነብህ ጭንቅላትህ ላይ አልነበረም እንዴ?» ብለው ቄሱን በከዘራ አባረሩት። እሱም ካባውን ሰብስቦ ሮጠ።

ከምሳ በኋላ ጳጳሱ የምደባውን ወረቀት ይዘው ተነሡ። እናትህ ልጁ እዚሁ ደብር እንደሚቀር እርግጠኛ ነበሩ። «የሚቀብረኝ እሱ ነው፤ ስብከቱን እንዲያሳጥረውም ነግሬዋለሁ» ሲሉ ነው የከረሙት። ታውኖም እዚሁ መቅረቱን ተስፋ አድርጎ ነበር። እኔም አንድ ልጄ ነው።

«ዋልቪስ ቤይ» አሉ ጳጳሱ።

እናትህ የያዙትን አጥንት ሳህኑ ላይ አስቀመጡ። ታውኖ ዞሮ አየኝና፣ «እዚያ ምን አለ?» አለ።

«አሸዋና ጭጋግ» አሉ ታቴ ኤራስቱስ።

«ልጄ አለ» አሉ እናትህ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «ሳይማ፣ ባለፈው ወር የማሩላ ዘይት ይዘሽ ጳጳሱ ቢሮ የሄድሽው ለምን ነበር?»

«ለጳጳሱ ሚስት ፀጉር ነው።»

«ሌላ ወሬ አላወራሽም?»

«ልጁ ሳል አለበት፣ የባሕር አየር ሳይሻለው አይቀርም ብያለሁ። ይሄም ኃጢአት ሆነ?»

«ታውኖ ተወልዶ አስሎ አያውቅም።»

«ገና ይጀምረዋል» አልኳቸው።

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ እጄን ያዙኝ። ሕዝቡ ጨፍሮ እስኪበተን ድረስ አለቀቁኝም።

እንግዲህ ታውኖ ሐሙስ ይሳፈራል፤ ዓርብ ጠዋት ደጅህ ይደርሳል። ቋንጣህን ይዞልሃል። ዓሣ አይወድም፣ ቻለው። ሲተኛ ያንኮራፋል፤ ከማን እንደወረሰው ታውቃለህ። አስታርቅ ብዬ አልላክሁትም። የላከችው ቤተ ክርስቲያን ናት። ግን ቃል የእምነት ዕዳ ነው፣ የታውኖ አባት። ያልከው ቄስ መጥቶልሃል። ቂጡን በገዛ እጅህ ለማጠብህ እኔ ምስክር ነኝ፤ ውኃውን የቀዳሁልህ እኔ ነኝና።

ዝናብን በጊዜው የሚሰጥ አምላክ ከብርድና ከጭጋግ ይጠብቅህ። መንገድህንም ሁሉ ይባርክ፤ ወደ ሰሜን የሚመጣውን ደግሞ አብልጦ።

የታውኖ እናት፣
ሳይማ

ለልጁ ከዚያ ሌላ ጫማ ግዛለት። ሣጥኑ ባዶ ሆኗል፤ በየወሩ የምቀባው ነገር አጥቻለሁ። ያንተን ራስህ አድርገኸው ና።