ኮምቦልቻ ላይ ለቁርስ ብቻ ስለሚቆመው አውቶቡስ

ይድረስ ለክቡር አቶ አባይ፣
የታዳጊ ጂምናስቲከኞች ጉዞ አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ደሴ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ሆኑ መላው የኮሚቴዎ አባላት በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ስለ ወገብዎ አስባለሁ፤ ከደሴ አዲስ አበባ ድረስ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ መሄድ ለወገብ ጥሩ አይደለም ሲባል ስለምሰማ ከሰላቴ በኋላ ዱአ ሳላደርግልዎ አልነሳም። እኛም አልሃምዱሊላህ ደህና ነን፤ መንገድ ዳር ቆመን ስለምንውል ንጹሕ አየር አላጣንም።

ሸሪፋ ሁዘይፋ እባላለሁ። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ የጂምናስቲክ ተወዳዳሪ የሰልዋ መሕሙድ እናት ነኝ። ያስታውሱኝ እንደሆነ፣ ቁርስዎን ሲበሉ አጠገብዎ ቆሜ የነበርኩት ሴትዮ ነኝ። ካላስታወሱኝም አልቀየምም፤ ጥብሱ ትኩስ ነበር። ከዚህ በፊት የጻፍኳቸው ማመልከቻዎች ቢሮዎ እንደገቡ ስለቀሩ፣ ይህኛውን እርስዎን ከማስቸገር ብዬ አገር ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ ጽፌዋለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ሰልዋና ሌሎች አራት የኮምቦልቻ ልጆች በአሰልጣኝ አራጋው እጅ፣ አንድ አሮጌ አዳራሽ ውስጥ፣ ከየቤታችን ባዋጣናቸው ፍራሾች ላይ እየተገለባበጡ ያደጉ ናቸው። ለውድድር ሲመረጡ የጉዞ በጀት ተይዞላቸው የሚያጓጉዛቸው የእርስዎ ኮሚቴ ነው። ለልጄ ዘንድሮ በታዳጊዎች ምድብ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። በዚህ ዓመት ውድድር ላይ ታይተው የሚመረጡ ልጆች ማሰልጠኛ ማዕከል ገብተው፣ ትምህርታቸውንም ሳያቋርጡ፣ በደንቡ ይሰለጥናሉ፤ ያልታየች ልጅ ግን አትመረጥም። ስለዚህ የምጽፍልዎ ስለ ሽርሽር አይደለም። ልጄ ከምትታይበት ቦታ የሚያደርሳት አንድ ወንበር ስለተከለከለች ነው።

እንግዲህ በፈቃድዎ ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መነሻው። የአውቶቡሱ መነሻ ደሴ እንደሆነ የሚገልጸውን መመሪያዎን ባየሁ ቁጥር በጥንቃቄው እደነቃለሁ። በዚህ መመሪያ መሠረት የኮምቦልቻ ልጅ አዲስ አበባ ለመሄድ በመጀመሪያ ለአዲስ አበባ ጀርባዋን ሰጥታ፣ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዘች ደሴ ትወጣለች፤ አልጋ ተከራይታ ታድራለች፤ ሲነጋ በአውቶቡስዎ ተሳፍራ ያንኑ ሐረጎን እየተጠማዘዘች ትወርዳለች፤ ከዚያም በገዛ ሰፈሯ አልፋ ወደ ሐርቡ ትቀጥላለች። ባለፈው ዓመት ይህንኑ ሳናጓድል አደረግን። ሰልዋን ሲወጣም አስመለሳት፣ ሲወርድም አስመለሳት፤ በመካከሉ ለኮምቦልቻ ሙቀት የተገዛች ስስ ቱታዋን ለብሳ የደሴን ብርድ ስትንቀጠቀጥ አደረች። ወላጅ አይሳፈርም ስለተባለ እኔ ደሴ ላይ ሸኝቻት፣ ዓይኔን እየጠራረግሁ በሚኒባስ ወረድኩ። ቤቴ ስደርስ አውቶቡስዎ ከደጃፌ ፊት ለፊት፣ ምግብ ቤቱ በር ላይ ቆሟል፤ እንደዚያ አልቅሼ የሸኘኋት ልጅም በመስኮት እጇን ታውለበልብልኛለች። ኮሚቴው ቁርስ ላይ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ አበል። የደሴውን አዳር ወጪ እንድትሸፍኑልኝ ብጠይቅ፣ ኮምቦልቻ ለደሴ በጣም ቅርብ ስለሆነች አበል አይታሰብባትም ተባልኩ። እሺ፣ ቅርብ ከሆነች ልጅቷን ከደጇ ጫኑልኝ ብል ደግሞ ኮምቦልቻ ከመነሻው ውጭ ናት ተባልኩ። አጃኢብ ነው! ገንዘብ ሲጠየቅባት ጎረቤት፣ ወንበር ሲጠየቅባት ባዕድ የምትሆን ከተማ ስላስገኙልን ሳላመሰግንዎ አላልፍም። የጭንቅላትን ሥራ እንዲህ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሰው ዘንድሮ የት ይገኛል?

ሦስተኛ፣ ስለ ልዑካኑ። ልጆቹ አምስት ሆነው አጃቢዎቻቸው ከእነሱ የሚበልጡበትን ምክንያት እኔ ማሽን ስር የምውል ሴት ልረዳው አልቻልኩም። ቡድን መሪ አለ፤ የቡድን መሪው ምክትል አለ፤ ግዥ የሚፈጽም አለ፤ ግዥውን የሚቆጣጠር አለ፤ ሥራው ምን እንደሆነ ራሱም ተጠይቆ የማያውቅ አንድ ዝምተኛ ሰውዬም አለ። ሁሉም አበላቸው ሙሉ ነው። ልጆቹን የእግር ስንጥቅ የሚያሠራቸው፣ ከላይ ሲወርዱም እጁን ዘርግቶ የሚቀበላቸው አሰልጣኝ አራጋው ግን ቦታ ሞልቷል ተብሎ በሕዝብ ማመላለሻ ከኋላ ይከተላል። ከልዑካንዎ አንዱ እንኳ ምንጣፉ ላይ ወጥቶ አንዴ ቢገለባበጥልን በጀቱ ባልቆጨን ነበር።

አራተኛ፣ ስለ ምክርዎ። ከአባላትዎ አንዱ ብሶቴን ሲሰሙ አዝነውልኝ፣ የኔ እህት ለምን ወደ ሩጫ አትቀይሪያትም፣ ሩጫ እኮ መኪና አይፈልግም ብለውኛል። አላህ ይስጣቸው።

አምስተኛ፣ ስለ ፎቶግራፉ። ባለፈው ዓመት ልጄ በዚያ ሁሉ ማስመለስ ላይ ሦስተኛ ወጥታ ነበር። ኮሚቴዎ የለጠፈውን ፎቶ አሳትሜ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ፈልጌ ነበር፤ ግን የሚታየው የእርስዎ ኮት ነው። በክንድዎ ስር ሜዳሊያ ያንጠለጠለ አንገት አለ፤ የኔ ልጅ አንገት መሆኑን በቱታዋ ዚፕ ለይቼዋለሁ።

እስካሁን ያልኩት ለጨዋታ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ያመኛል።

ዘንድሮ የአዲስ አበባው ውድድር ሲመጣ ለደሴው አዳር የሚሆን ነገር እጃችን ላይ አልነበረም። ባለቤቴ መሕሙድ ደረቅ ወደብ ጭነት ያወርዳል፣ እኔም ተጨማሪ ፈረቃ እገባለሁ፤ ይሁንና ለዐረፋ በግ ብለን ካስቀመጥነው ላይ ለሰልዋ ጉዞ እየቆነጠርን ስንወስድ ቆይተን፣ በዓሉ ሲደርስ በግም የለም፣ ገንዘብም የለም። መሕሙድ ሰው ሲጠይቀው በጋችንን መንገድ ላይ በላነው ይላል። እና እኔ ሞኝ፣ አውቶቡሱ ለቁርስ መቆሙ ካልቀረ ብዬ፣ ልጄን አጣጥቤ፣ ፀጉሯን ሠርቼ፣ ቦርሳዋን አስይዤ ምግብ ቤቱ በር ላይ ጠበቅንዎ።

መጡ፣ ወረዱ፣ እጅዎን ታጠቡ። እኔም ሰላምታ አቅርቤ፣ ስሟ ዝርዝሩ ላይ እንዳለ ነግሬ፣ እባክዎ ከዚህ ያሳፍሩልኝ ብዬ ለመንኩ። እርስዎም በትሕትና፣ የኔ እህት፣ መነሻው ደሴ ነው፣ ከዚህ ብጭናት ኦዲተር ይጠይቀኛል፣ ደግሞስ የሷ ቦታ ላይ ዕቃ ተጭኗል አሉኝ። ዕቃውን በመስኮት አየሁት። የታሸገ ውኃና የአንድ አባልዎ ፍራሽ ነበር። ፍራሹ ደሴ ላይ በሰዓቱ ስለተገኘ ተሳፍሯል።

ሰልዋ አላለቀሰችም። በልተው እስኪጨርሱ ድረስ ቦርሳዋን እንዳነገበች በሩ አጠገብ ቆመች፤ ሐሳብዎን የሚለውጡ መስሏት ነው። ወላጆቻቸው እንደምንም ብለው ደሴ ያሳደሯቸው ጓደኞቿ በመስኮት ያዩዋታል። አውቶቡሱ ሲሄድ፣ እማ፣ ስሜ እኮ አለ አለችኝ። ከጎረቤት ገንዘብ ለቃቅሜ፣ በሕዝብ አውቶቡስ ተንጠልጥለን ተከተልናችሁ፤ ስንደርስ ምዝገባው ተዘግቷል። ልጄ ዓመት ሙሉ የደከመችበትን ውድድር ከተመልካች መሀል ተቀምጣ አየችው፤ ለጓደኞቿም አጨበጨበች። ከሳምንት በኋላ በመነሻ ቦታ ባለመገኘቷ ከቡድኑ ተቀንሳለች የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ማኅተሙ በጣም ያምራል።

አሁን የቀረው የወልድያው ውድድር ብቻ ነው። ለሰልዋም የመጨረሻዋ ነው። ለዚህ ጉዞ ደግሞ ኮሚቴዎ አዲስ ማስታወቂያ አውጥቷል፦ በጀቱ ስላለቀ ወላጆች ልጆቻቸውን በራሳቸው ወጪ ይውሰዱ፤ ሆኖም ያለ ቡድን መሪ መወዳደር ስለማይቻል፣ ወላጆች በሚከራዩት መኪና ላይ ለክቡር ሰብሳቢው የፊት ወንበር ይያዝ ይላል። ክቡር ሆይ፣ ይህን ካነበብኩ በኋላ ለእርስዎ ያለኝ አድናቆት ወሰን አጥቷል። እንዲህ ያለ ፊት ከየት ይገዛል?

ማስታወቂያውን ይዤ ወደ ቅሬያችን ሄድኩ። ቅሬ እንደሚያውቁት ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ሩቅ አገር ለቅሶ ሲኖር መኪና ተከራይቶ ሐዘንተኛውን የሚያደርስ የሰፈር ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነን። የቅሬ ገንዘብ ከሐዘን በቀር ለምንም አይነካም። የቅሬው መሪ፣ ዳኛችን ሼህ ጀሚል ጥያቄዬን ሰምተው፣ ልጄ፣ እኛ መኪና የምንከራየው ለለቅሶ ነው፣ ማን ሞተና ነው አሉኝ። እኔም ንዴቴ ገና አልበረደምና፣ የልጆቹ የጉዞ በጀት ሞቷል፣ አስከሬኑ ደሴ ነው ብዬ መለስኩ። ሰዉ በሳቅ ወደቀ። ጎረቤቴ የኔነሽማ ለሟቹ ንፍሮ ልቀቅል ብላ ተነሳች።

ሼህ ጀሚል አልሳቁም። ለሞተ ሰው ሐርቡም ደጋንም ስንሄድ ኖረናል፣ በሕይወት ላለች ልጅ ወልድያ ብንሄድ ምን እንሆናለን አሉ። አንድ ሁለት ሰው ደንቡ አይፈቅድም ብሎ ሊከራከር ሞከረ፤ እሳቸውም፣ ደንቡን ያወጣነው እኛ ነን፣ ካስፈለገ ዛሬውኑ እናስተካክለዋለን ብለው ዱአ አስደረጉ። ክቡር ሆይ፣ ደንብ እንዲህም እንደሚደረግ ቢያውቁ ብዬ ነው። የኔነሽ ግን በቃሏ ጸናች፤ ንፍሮውን ቀቅላ ለልጆቹ ስንቅ ይሁን ብላለች።

አሰልጣኝ አራጋውም ወልድያ ወዳሉት አዘጋጆች ደወለ። ያለ ቡድን መሪ መወዳደር አይቻልም መባሉን ሲነግራቸው፣ ይህን ማን አለ ብለው መልሰው ጠየቁት። አሰልጣኝ ካለ ይበቃል ብለው አምስቱንም ልጆች መዘገቡ። ሰልዋ መሕሙድ ተመዝግባለች። እንግዲህ ከቻሉ ይቀንሷት።

ከእርስዎ የምለምነው ነገር እንደሌለ ልብ ይበሉልኝ። ልመናዬን ያን ዕለት ጠዋት ጥብስዎ አጠገብ ጨርሻለሁ። የከርሞው በጀት ሲመጣ ግን አምስታችንም እናቶች ቢሮዎ መጥተን እንቀመጣለን፤ የልጆች ተብሎ የመጣው ገንዘብ በልጆች ስም ሲወጣ በዓይናችን እስክናይ ድረስ አንነሳም። የፈረቃ ሥራ ስለለመድን መቀመጥም መቆምም አይደክመንም።

ለመመሪያዎ፣ ለማኅተምዎና በሰዓቱ ለተገኘው ፍራሽ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ዕድሜና ጤና ከረጅም አበል ጋር ይስጥልኝ እያልኩ፣ ዝቅ ብዬ እጅ ሳልነሳ እሰናበታለሁ።

ሸሪፋ ሁዘይፋ
የተመዝጋቢዋ የሰልዋ መሕሙድ እናት
ኮምቦልቻ

ማሳሰቢያ፦ ስለ ጠየቁት ወንበር። ቅሬያችን የመጣን ሰው አይመልስምና ተፈቅዶልዎታል፤ የፊቱ ግን ለአሰልጣኝ አራጋው ስለሆነ እርስዎ ከኋላ ነዎት። መነሻችን ኮምቦልቻ ነው። ስለዚህ በዋዜማው ሐረጎን ወርደው፣ አልጋዎን በራስዎ ኪስ ተከራይተው እዚህ ያድራሉ፤ ደሴ ለኮምቦልቻ በጣም ቅርብ ስለሆነች አበል አይታሰብባትም። ሲነጋ ሐረጎን ወጥተን፣ በደሴ አልፈን ወደ ወልድያ እንቀጥላለን። ቢሮዎ በር ላይ ቆሜ ልጠብቃችሁ እንዳይሉ፤ ደሴ ከመነሻችን ውጭ ናት፣ ከዚያ ሰው አንጭንም። መቆሙን ግን እንቆማለን፤ ልጆቹ ከቢሮዎ ፊት ለፊት ቁርሳቸውን ይበላሉ።