የታጠበው ምራቅ

ይድረስ እናትም እህትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለእታለም፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ዐይንሽስ በመነጽሩ ተሻለው? ጋሼ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤት ያሉት እማማ፣ ሁሉም ሰላም ናቸው? እኔ እንደ ልማዴ ብዙ እበላለሁ፣ ከዚያ የበለጠ አወራለሁ፤ ስለዚህ ደህና ነኝ ማለት ነው። አንቺን ያየሁ መስሎኝ ግን መንገድ ላይ የማላውቃትን ሴት ተከትዬ እስከ ማቋረጫው ድረስ የሄድኩበት ቀን አለ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ብቻዬን ሳቅኩ። «እህቴ ሰው አገር ሄዳ ምራቅ ትሰበስባለች ብዬ ለማን ልናገር?» ብለሻል። ጋሼም ቀልድ ነው ብለው ድርቅ አሉ አልሽኝ። ቀልድ አይደለም። ቁጭ በይና ላስረዳሽ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ወለል ሳጸዳ እንደነበር ታውቂያለሽ። ከአምስት ወር በፊት የመተንፈሻ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ጥናት ተጀመረና ናሙና ሰብሳቢ ሲፈለግ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። ሁለት ሳምንት አሠለጠኑኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት፣ ጉንፋን መሳዩ ቫይረስ ደረታቸው ላይ የወረደባቸውን ሕሙማን እየዞርኩ ጣት በምታህል ብልቃጥ ምራቅ እቀበላለሁ። እንትፍ አይባልም፤ አንገት ደፋ ተደርጎ ምራቁ በራሱ ጊዜ እስኪወርድ ይጠበቃል። ከዚያ በፊት ለግማሽ ሰዓት ምግብ የለ፣ ውሃ የለ፣ መጉመጥመጥ የለ። ይህን መጠበቃቸውን ጠይቄ ቅጹ ላይ ምልክት አደርጋለሁ።

መቼም እኔ ሳልጠይቅ አላድርም። የላብራቶሪዋን ባለሙያ ስነዘንዛት «ወይዘሪት ለምን» የሚል ስም አወጣችልኝ። ለምን ደም አይሆንም አልኳት። ደም መርፌ ይፈልጋል፣ ምራቅ ግን ሕፃኑም አዛውንቱም ሳያለቅስ ይሰጣል አለችኝ። ውስጡ ምን አለ? ቫይረሱ ብቻ እንዳይመስልሽ። ሰውነት ጠላት ገባብኝ ብሎ ሲደነግጥ የሚረጫቸው ደቃቅ ፕሮቲኖች አሉ። ሌባ የገባበት ሰፈር ኡኡታው እንደሚበረታው በይው። ማሽኑ ያንን ኡኡታ በቁጥር ያወጣዋል። ሁለት ሰው እኩል ያስለዋል፣ እኩል ያተኩሰዋል፤ አንዱ በሦስተኛው ቀን ተነስቶ ይሄዳል፣ ሌላው ትንፋሽ ያጥረዋል። ማን ወዴት እንደሚሄድ ምራቁ አስቀድሞ ይነግረን ይሆን? ጥናቱ ይህንኑ ነው የሚጠይቀው። እስካሁን «ይመስላል» እንጂ «ነው» አልተባለም። ይህን ያህል ዘመን መሬት ላይ ስንተፋው የኖርነው ነገር ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር ወይ ብዬ ስንት ቀን ተገረምኩ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ባለፈው ወር መጨረሻ አንድ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ገቡ። ሰባን ያለፉ፣ ምራቃቸውን የዋጡ ሰው ናቸው፤ የሆስፒታሉን ፒጃማ እንኳ እስከ አንገታቸው ቆልፈው ነው የሚተኙት። ቤት ያሉት ዐይናቸው የደከመ ባለቤታቸው ብቻ ናቸው። ብልቃጡን ስሰጣቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። በሴት ልጅ ፊት ምራቅ ማዝረብረብ ነውር ሆነባቸው። ቆይኝ ብለውኝ ወደ መታጠቢያው ገቡ፤ የቧንቧው ውሃ ሲወርድ፣ እሳቸውም ሲጉመጠመጡ በጆሮዬ ሰማሁ። ተመልሰው ብልቃጡን በሶፍት ጠቅልለው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ንጹሕ ነው ልጄ አሉኝ።

እዚያው ላይ፣ አባባ፣ ይህ አይሆንም፣ ግማሽ ሰዓት ቆይተን እንደገና እንሞክር ማለት ነበረብኝ። አፌ እምቢ አለኝ። ትልቅ ሰው አፉን ሲጠርግ ዐይንሽን መልሺ እያልሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። «አልተጉመጠመጡም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። በይሉኝታ ዋሸሁ።

የዚያን ቀን አልጋ ሞልቶ ነበር። ምራቁ ብቻውን አይፈርድም፤ ጣት ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ አለ፣ ደረት የምታዳምጠው የክፍሉ ሐኪም ጆሮም አለ። የሳቸው መለኪያ ግን ድንበር ላይ ሆነ፤ ተኛም ሂድም የማያሰኝ። ሐኪሟ ስታመነታ የምራቁ ቁጥር መጣ፤ ዝቅ ያለ ነው። እሱ ሚዛኑን ደፋውና መድኃኒት ይዘው ቤታቸው እንዲሄዱ ጻፈችላቸው። ሰውዬው እኔን መርቀውኝ ወጡ።

ቁጥሩ ግን ከነከነኝ። የላብራቶሪዋን ባለሙያ፣ የራሴን ነገር ደብቄ፣ ሰው ተጉመጥምጦ ቢሰጥ ምን ይሆናል አልኳት። ሾርባ ላይ ውሃ ቸልሶ ጨው የለውም እንደማለት ነው አለችኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ጥፋቱን የደበቀስ? ሥራዬን ላጣ እንደምችል እያወቅኩ ሐኪሟ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ስልካቸውን ደጋግማ ደወለች፣ የሚያነሳ የለም። ከዚያ መለኪያውንና አዲስ ብልቃጥ ይዤ ከአምቡላንሱ ነርስ ጋር እንድሄድ አዘዘችኝ።

ቤታቸው ከአንድ ጫማ መጠገኛ ጀርባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መተላለፊያ ውስጥ ነው። ባለቤታቸው ግድግዳ እየዳበሱ መጥተው ከፈቱልን። እሳቸው ከስፌት መኪናቸው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ስልካቸው የጨርቅ ቁራጭ ክምር ስር ተቀብሯል። ሲያዩኝ ሊነሱ ሞከሩና ተመልሰው ተቀመጡ። «ደህና ነኝ» ሲሉኝ፣ እታለም፣ በ«ደህና»ና በ«ነኝ» መካከል አንዴ አየር ሳቡ።

ነርሱ መለኪያውን ጣታቸው ላይ ሰካ። ጠዋት ድንበር ላይ የነበረው ከድንበሩ ወርዷል። ለመመለሳቸው እሱ ብቻውን ይበቃ ነበር፤ ሐኪሟ ምራቁንም ስላዘዘች፣ እውነቱን ልንገርሽና እኔም ማወቅ ስለፈለግኩ፣ ብልቃጡን አወጣሁ። ውሃ መቼ እንደጠጡ ጠየቅኳቸው፤ ከመጡ ጀምሮ ምንም አልቀመሱም። ከፊታቸው በርከክ ብዬ፣ «አባባ፣ ጠዋት ሲጉመጠመጡ ሰምቼ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን እንዳለ ይስጡኝ» አልኳቸው። ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። ባለቤታቸው፣ እኔ እንደሆን አላይህ፣ ስጣት አሏቸው። አንገታቸውን ደፉ። እኔም ዐይኔን አልመለስኩም።

ያኛው ቁጥር ከጠዋቱ አራት እጥፍ ሆኖ ወጣ። ባለቤታቸውን ጎረቤት ይዟቸው፣ እሳቸው ስድስት ቀን ኦክስጅን ላይ ከረሙ። እኔ ይኸው ምራቁ ተናገረ ብዬ ልፈነጥዝ ስል የላብራቶሪዋ ባለሙያ አላስጨረሰችኝም፤ የአንድ ሰው ምራቅ ማስረጃ አይሆንም፣ ጠዋትና ማታም ይለያያል፣ ገና በመቶ የሚቆጠር ሰው ያስፈልገናል አለችኝ። ልክ ናት። እኔን ግን ሌላ ጥያቄ ያዘኝ፤ ከሳቸው በፊትስ ለስንቱ ዐይኔን መልሻለሁ? ቅጾቹን አንድ በአንድ እያየሁ አስታወስኩ፤ ሰባት ሰው ሆኑ። ሁሉም ድነው መውጣታቸውን በስልክ አረጋገጥን፤ ናሙናቸው ግን ከጥናቱ ተሰረዘ። እኔም ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። ለአንድ ወር ብልቃጥ ላይ ቁጥር ከመለጠፍ በቀር ሕመምተኛ ዘንድ አልደርስም። ሲያንሰኝ ነው።

አንድ ነገር ግን የጥናቱ ሰዎች ሰሙኝ። ቅጹ «ተጉመጥምጠዋል ወይ?» ብሎ ነበር የሚጠይቀው። ሰው እንዲህ ሲሉት «አይ» ለማለት ይቸኩላል፤ «መጨረሻ የተጉመጠመጡት መቼ ነው?» ቢሉት ግን አስቦ ይመልሳል አልኳቸው። ቀየሩት። አልጋውም ዙሪያ መጋረጃ ተደረገ።

ልብስ ሰፊው ትናንት ወጡ። ይቅርታ ልጠይቃቸው በሩ ላይ ቆሜ ቃል ስመርጥ ቀደሙኝ። የካፖርታቸውን ቁልፍ እየቆለፉ ጠጋ አሉና፣ «እኔና አንቺ እኮ፣ ልጄ፣ ስንከባበር ልሞት ነበር» አሉኝ። እሳቸው ሳቁ።

በይ እንግዲህ፣ ጋሼን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ፤ ቀልድ እንዳልሆነም ይህን አንብቢላቸው። ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን እንዴት አለፈች? መንታዎቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፣ ቢሸሹሽም አሯሩጠሽ። ለእማማ ጤና ይስጥልኝ። አንቺ ደግሞ አንድ ነገር መልሺልኝ፤ በኔ ቦታ ብትሆኚ ኖሮ እሳቸውን «አይሆንም» ትያቸው ነበር? ለኔ ብለሽ ሳታሳምሪ ጻፊው።

የምትናፍቅሽ ታናሽሽ

ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ከሠራተኞች ማደሪያ ሁለተኛ ፎቅ
የካቲት ፰ ቀን